ማንም የማይነጥቀን ቻናል

"ጭምት" የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። እውነቱን ለመናገር እሱ ቤት ለተወለደ ልጅ ሌላ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ የመኪና መነሻ ሲያስታውቅ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰርግም ይሁን ኳስ ጨዋታ "ማይኩን ለእሱ ስጡት" የሚባል፣ ከተማው "ነጎድጓድ" ብሎ የሚጠራው ሰው ነው። እናቷም ብትሆን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ መናገር የለመደች ናት። ሁለቱ ሲጨዋወቱ ለጎረቤት የተጣሉ ይመስላል። በዚያ ቤት ውስጥ ጭምት አንድ ነገር ተናግራ ለመጨረስ ሁለቱም ውሃ እስኪጠጡ መጠበቅ ነበረባት፤ እነሱ ደግሞ ተራ በተራ ነው የሚጠጡት።

አድጋ የሬዲዮ መሐንዲስ ሆነች። የምትሠራበት ክፍል መስኮቱ ወደ ከተማው ሐይቅ ያያል። ጠረጴዛው በብየዳ የተቃጠለ፣ ብርጭቆው ሁሉ ብሎን የሞላበት፣ ሻይ የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ ብርጭቆውን ገልብጦ ማየት ያለበት ቦታ ነው። አብሯት የሚሠራው ልጅ ከመቅጠኑ የተነሳ "ሽቦ" ይባላል። ሽቦ ፕሮግራም ሲጽፍ ያፏጫል፤ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲለው ፉጨቱን ያቆማል። ስለዚህ ጭምት ቀና ሳትል የሥራውን ሁኔታ ታውቃለች።

ሁለቱ ሲታገሉ የኖሩት የዳቦ መጠን ካላቸው ግራጫ ሳጥኖች ጋር ነው። ተራ ሬዲዮ የተሰጠው ቻናል አለው፤ በዚያው ይናገራል፣ በዚያው ይሰማል። እነዚህ ሳጥኖች ግን የእኔ የሚሉት ቻናል የላቸውም። መጀመሪያ ያዳምጣሉ። የጀልባ ማመላለሻው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ ማዶ ያለው የድንጋይ ካባ፣ ሁሉም የየራሳቸው ቻናል አላቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይናገሩበትም። ሳጥኖቹ ክፍት የሆነውን ፈልገው ይገባሉ፣ መልእክታቸውን ይለዋወጣሉ፣ ባለቤቱ ብቅ ሲል ሳያስቸግሩት ውልቅ ብለው ሌላ ይፈልጋሉ። ማማ አያስፈልጋቸውም፤ መልእክቱን አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ያደርሰዋል። "እዚህ ግቡ፣ ከዚህ ውጡ" የሚላቸው አዛዥም ስለሌለ የት እንደሚገናኙ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። የጭምት ሥራ መስማማትን ማስተማር ነበር።

አንድ ቀን አለቃ መጣች። አለቃ የሐይቁ የነፍስ አድን ቡድን ኃላፊ ናት፤ ትከሻዋ በር የሚሞላ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን የሚወጣ ሴት። በየዓመቱ ሐይቁን በዋና አቋርጦ የመመለስ ውድድር ሲደረግ የዋናተኞቹ ሕይወት በእሷ እጅ ነው።

"ችግሬን ልንገራችሁ" አለች ወንበር ስባ። "ሐይቁ መሀል ስልክ አይሠራም፤ ኮረብታው ጋርዶታል። የእጅ ሬዲዮዎቻችን ደግሞ እስከ መሀል እንኳ አይደርሱም። ማዶ አንድ ነገር ቢፈጠር እኔ የምሰማው ጀልባው ተመልሶ ሲመጣ ነው። እናንተ ጋ እየተቀባበለ የሚያደርስ ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ።"

"አለ!" አለ ሽቦ ደረቱን ነፍቶ።

"ይሠራል?"

ሽቦ ጭምትን አየ። ጭምት ሳጥኖቹን አየች። "እዚህ ክፍል ውስጥ ይሠራል" አለች።

"እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚዋኝ ሰው የለኝም" አለች አለቃ። "ውሃ ላይ እንሞክረው።"

የሞከሩት ጠራ ባለ አንድ ጠዋት ነው። በየጀልባው አንዳንድ ሳጥን አሰሩና ሽቦና ጭምት ዳር ላይ ኮምፒውተር ዘርግተው ተቀመጡ። እያንዳንዱ ጀልባ ስክሪኑ ላይ እንደ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። ጀልባዎቹ ከዳር ብዙም ሳይርቁ አንዱ ነጥብ ግራጫ ሆነ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ጠፉ፤ የሽቦም ፉጨት አብሮ ጠፋ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ ዳር አጠገብ ያለው ሳጥን የወደቡ ዕቃ ማንሻ ክሬን ሬዲዮ ስለረበሸው ከዚያ ሸሽቶ ለራሱ ጸጥ ያለ ቻናል መረጠ። መሀል ላይ ያለው ክሬኑ አይሰማውም፤ እሱን ያስቸገረው የካባው ሬዲዮ ነው። እሱም ሸሽቶ ሌላ መረጠ። ሁለቱም በየጆሯቸው ልክ ነበሩ። ግን አንዱ ያለበት ሌላው የለም፤ ሁለቱም በባዶ ቤት ብቻቸውን ያወራሉ።

ይህ ሳይበቃ ሌላ ጉድ ፈላ። ነጎድጓድ የውድድሩ አስተዋዋቂ ነውና ዳር ያለው የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ገመድ አልባ ማይኩን እየሞከረ ነበር። "ክቡራንና ክቡራት! አሁን ከውሃው እየወጣ ያለው አንደኛ…" አለና የሕዝቡን ልብ ለመስቀል ዝም አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ድምፅ ማጉያው "ቂርርርር!" ብሎ ጮኸ። ጀልባ የሚያጥቡት ሰዎች ባልዲ ጥለው ጆሯቸውን ያዙ።

"ማነው እላዬ ላይ የሚጮኸው?" አለ አባቷ ማይኩን አፍጥጦ እያየ።

ጭምት እየሮጠች መጣች። "አባዬ፣ የኔ ሳጥን ነው። ዝም ስትል የሄድክ መስሎት ቻናልህን ያዘ።"

"እኔ? ዝም ብዬ የሄድኩ?" አባቷ በጣም ተሰማው። "ትንፋሽ እየወሰድኩ ነው እንጂ! የአሸናፊ ስም ከመጠራቱ በፊት ትንሽ ዝም ካልተባለ ምን ለዛ አለው? ሳጥንሽ ጨዋታ አያውቅም።"

"አያውቅም" አለች ጭምት፤ ሳቋን ግን መያዝ አልቻለችም።

"እንግዲያው አስተምሪው!"

እሷም ማስተማር ጀመረች። አንዱን ሳጥን ይዛ ከዳር እስከ ዳር እየዞረች ቻናሎቹን አዳመጠች። ክፍት መሆናቸውን ብቻ አይደለም፤ ጠባያቸውን ነው ያጠናችው። የጀልባ ማመላለሻው አየሩ ሲጠራ ጨዋ ነው፤ አየሩ ሲበላሽ ካፒቴኖቹ ሁሉ ባንዴ ያወራሉ። ካባው በሥራ ቀን ጆሮ ይበጥሳል፤ እሁድ ግን ሰውም ድምፅም የለም። የአባቷን ዝምታ ለመለካት ደግሞ ሳጥኑን ቤት ወስዳ "አባዬ፣ እስቲ አንድ ውድድር አስተዋውቅልኝ" አለችው። እስኪጠየቅ ነበር እንዴ የሚጠብቀው! ከሰዓቱን ሙሉ ሳሎን መሀል ቆሞ የሌለ ሩጫ፣ የሌለ ዋናና የሌለ የብስክሌት ግልቢያ አስተዋወቀ። አመሻሽ ላይ ሁለት ጎረቤቶች ማን እንዳሸነፈ ሊጠይቁ መጡ።

ሽቦ ግን በአንድ ነገር አልተስማማም። "የቴሌቪዥኑ ቻናል ሰፊ ነው" ይላታል ሰሌዳው ላይ ትልቅ አራት ማዕዘን እየሳለ። "ሥዕል ሁሉ ያስኬዳል። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የምታስመርጪያቸው እንደ ገመድ የቀጠነ ነው።"

"ስለ ቅጥነት አንተ ባታነሳ ጥሩ ነበር።"

"እውነቴን ነው!"

"እኔም እውነቴን ነው። እኛ የምንልከው የዋናተኛ ቁጥርና ያለበት ቦታ ነው። ለዚያ ሰፊ ምን ያደርጋል? የቴሌቪዥኑ ሰዎች በፈለጉት ሰዓት ይመጡና ያስወጡናል። ይሄ የካባው ጠባብ ነው፤ ግን እሁድ ማንም አይነጥቀንም። ዳር ያለውም መሀል ያለውም ይሰማዋል። ለአንዳቸውም ከሁሉ የተሻለው አይደለም፤ ለሁለቱም ግን ይሆናል።"

ሽቦ የሳለውን አራት ማዕዘን በእጅጌው አጠፋው። ፕሮግራሙንም እንደዚያ ጻፉት፤ ሳጥኖቹ መጀመሪያ እርስ በርስ የሰሙትን ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ለሁሉም የሚሆነውንና ረጅም ጊዜ ክፍት ሊቆይ የሚችለውን ይመርጣሉ። ባለቤቱ ድንገት ቢመጣ ሁሉም የሚሸሹበትን ሁለተኛ ቻናል አስቀድመው ይይዛሉ። ይሠራል ብለው አመኑ። ማመንና ውሃ ላይ ማየት ግን ይለያያሉ።

በዚያ ሰሞን የእናቷ ነገር ተለወጠ። ሐኪሙ ለጉልበቷ ዋና አዞላት ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ትሄድ ነበር፤ ያ አዲስ አይደለም። አሁን ግን ከሰዓትም መሄድ ጀመረች። ጸጉሯ እርጥብ፣ ፊቷ ቀይ ሆኖ ትመለሳለች፤ እንደ ወትሮዋ አታወራም። ነጎድጓድ ግራ ገብቶት "እናትሽን አመማት እንዴ? ትናንት ሳታቋርጠኝ አንድ ወሬ ጨረስኩ" አላት ለጭምት። ጭምት ብትጠይቃት "ጉልበቴ ነው" አለች እናቷ፤ ጨርቅ መቁረጧንም ቀጠለች።

የውድድሩ እሁድ ደረሰ። ዳሩ በሰው ተሞላ፤ ዋናተኞቹ ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ቆብ አድርገው ተሰለፉ። ፊሽካው ሲነፋ ውሃው ነጭ ሆነ፤ ጀልባዎቹም ተከተሉ። አረንጓዴዎቹ ነጥቦች ስክሪኑ ላይ ተዘርግተው ማዶ ድረስ ደረሱ፤ ሽቦም ያፏጭ ነበር። ነጎድጓድ ማይኩን ይዞ "እነሆ ውሃውን እንደ ቅቤ እየሰነጠቁ!" ይላል። ሁሉም ሰላም ነበር።

ከዚያ ጉም ወረደ። ከኮረብታው ላይ እንደ ጥጥ እየተንከባለለ መጥቶ ማዶውን ዋጠ፣ ቀጥሎ መሀሉን፣ ቀጥሎ ቅርቡን። አለቃ አንድ ሰከንድ አላመነታችም። "ውድድሩ ቆሟል። ሁሉንም ዋናተኛ ጀልባ ላይ አውጡ" ብላ አዘዘች፤ ጭምት ጻፈችው፤ ሳጥኖቹም ከጀልባ ጀልባ ተቀባበሉት። አለቃ ወደ ነጎድጓድ ሮጠችና "እባክዎ እንዳያቋርጡ! ጀልባዎቹ በድምፅዎ ነው አቅጣጫ የሚይዙት" አለችው። ሰውዬው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሶት አያውቅም። ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ድሮው የመናኸሪያ ሥራው ሁሉንም "ወዲህ፣ ወዲህ፣ ቦታ አለ!" እያለ መጥራት ጀመረ።

በየጀልባው ላይ የወጡት ዋናተኞች ቁጥር እየመጣ ስክሪኑ ላይ ተሞላ። በመጨረሻ አንድ ብቻ ጎደለ፦ አርባ አራት።

"አርባ አራት ማነው?" አለች ጭምት።

አለቃ ወደ ጉሙ ዞረች። ያ ሁልጊዜ የሚስቅ ፊቷ አመድ መሰለ። "አደራ ብላኝ ነው" አለች። "ማንም እንዳይሰማ አስምላኛለች። እኔ ራሴ ነኝ ያሰለጠንኳት፤ በደንብ ትዋኛለች፤ በደንብ ባትዋኝ አልፈቅድም ነበር…"

"ማን?"

"እናትሽ ናት።"

ጭምት ዞር ብላ አባቷን አየችው። "ወዲህ፣ ወዲህ! አይዟችሁ!" እያለ ነው፤ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም።

ያኔ ነው ነጥቦቹ መጥፋት የጀመሩት። በጉሙ ምክንያት የጀልባ ማመላለሻው ካፒቴኖች ሁሉ ባንዴ መነጋገር ጀመሩ፤ ሳጥኖቹ ደግሞ ጠዋት አየሩ ጠርቶ ስለነበር የያዙት ጸጥ ያለውን የእነሱን ቻናል ነበር። ባለቤቱ መጣ፤ ሳጥኖቹ ወጡ። አንዱ ግራጫ ሆነ፣ ሌላው፣ ሌላው።

"ወደ ቴሌቪዥኑ ቻናል በግድ ላስገባቸው!" አለ ሽቦ። "ጭምት፣ ስሚኝ፣ አሁኑኑ ልዘዛቸው!"

"አንተ የምታዘው የሚሰሙህን ብቻ ነው። የማዶዎቹ አይሰሙህም። ቅርቦቹን ካስገባሃቸው የማዶዎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ።"

"እናትሽ እኮ ናት!"

"አውቃለሁ። አትንካው።"

እጇን በእጁ ላይ አድርጋ ያዘችው። ያንን የመሰለ ረጅም ጊዜ አሳልፈው አያውቁም። ስክሪኑ ግራጫ ነው፣ ውጭው ነጭ ነው፣ ከዚያ ሁሉ የሚሰማው የነጎድጓድ ድምፅ ብቻ ነው። ጭምት በልቧ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች እያነበበች "የትኛዋ መስመር ላይ ተሳስቼ ይሆን?" ትላለች።

አንድ ነጥብ አረንጓዴ ሆነ።

ከዳር ቅርብ ያለው ነው። ቀጥሎ ጎረቤቱ በራ። ሽቦ ቻናሉን አየና "ካባው!" ብሎ ጮኸ። "የካባው ላይ ናቸው! እሁድ ነው፣ ማንም የለም!" ነጥቦቹ ከዳር ወደ ማዶ ተራ በተራ በሩ። የመጨረሻው፣ ከሁሉ የራቀው፣ ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ ተመልሶ በራ። ከእሱም በሦስት ጀልባዎች በኩል እየተቀባበለ ይህ ደረሰ፦

"አርባ አራት ተገኘች። ደህና ናት። ለዋናተኞች ማረፊያ የተሠራው ተንሳፋፊ ጣውላ ላይ ተቀምጣለች። ጀልባ ላይ አልወጣም ብላለች።"

ጭምት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እንባዋ እየወረደ ጻፈች፦ "ለምን?"

"ከወጣሁ ከውድድሩ ትሰርዙኛላችሁ ትላለች።"

"ልጇ ነኝ። አሁኑኑ ትውጣ።"

"ልጄ ሥራዋን ትሥራ ትላለች። ልብስ ደርበንላታል። ከኛ ቴርሞስ ሻይ ሰጥተናት ስኳር አነሰው ብላለች።"

አለቃ መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ዓይኗን ጠራርጋ ስትነሳ ጉሙ መሳሳት ጀምሮ ነበር። "ውድድሩ ቆሟል፤ አሸናፊ የለም" አለች። "ጉሙ ሲገፈፍ ግን አንዲት ሴትዮ ጀልባ አጠገቧ ሆኖ ወደ ቤቷ ብትዋኝ የሚከለክል ደንብ የለኝም። ጻፊላት።"

ጭምት ጽፋ ወደ መድረኩ ወጣች። አባቷ ድምፁ ሻክሯል፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። እጅጌውን ያዘችው።

"አባዬ፣ አንዲት ዋናተኛ ቀርታለች። እየመጣች ነው።"

"በርቺ በያት!" አለ ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ። "ማነች?"

"እማዬ።"

ነጎድጓድ ዝም አለ። ከተማው የሚያውቀው የጨዋታ ዝምታ አልነበረም፤ የእውነት ዝም አለ። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ሽቦ ደንግጦ ወደ ስክሪኑ ዞረ፤ ሳጥኖቹ ግን የማይኩን ቻናል አልነኩም፤ ከካባው ንቅንቅ አላሉም።

"የኔዋ?" አለ አባቷ በቀጭን ድምፅ።

"ያንተዋ።"

ማይኩን አነሳ፤ አወረደ፤ እንደገና አነሳ። "ክቡራንና ክቡራት" አለ። "አሁን… ከማዶ የምትመጣው…" ጉሮሮውን ጠረገ። "ባለቤቴ ናት። እባካችሁ አጨብጭቡላት፤ እኔ አልቻልኩም።"

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ገና ማንም ሳይታይ አጨበጨበ። ቆይቶ ከሳሳው ጉም ውስጥ ጀልባ ብቅ አለ፤ ከጎኑ አንድ ቢጫ ቆብ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያርፍ፣ የመርፌ ስፌት በሚመስል አዋኛኘት ይመጣል። እግሯ አሸዋውን ሲነካ ነጎድጓድ ጫማውንም ሳያወልቅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠበቃት።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት ፎጣ እያለበሳት።

"ላንተ? ላንተ ብነግርህ ማታውኑ ከተማው ሁሉ ይሰማ ነበር። ብተወውስ? ብፈራስ?"

"ለእኔስ?" አለች ጭምት።

እናቷ ጉንጯን ያዘቻት፤ እጇ እንደ በረዶ ነው። "አንቺ ደግሞ ውሃውን ለክተሽ፣ ነፋሱን ለክተሽ፣ በመጨረሻ እኔን ለክተሽ 'አይሆንም' ትይኝ ነበር።" ጭምት ፎጣውን አስተካከለችላት፤ እውነት ነበራ።

ምሳ እነሱ ቤት ተበላ። አለቃ መጣች፣ ሽቦ መጣ፣ የማዶው ጀልባ ቀዛፊዎችም ቴርሞሳቸውን ይዘው መጡ። እናቷ ስለ ሻይው ስኳር እንደገና ወቀሰቻቸው። ወዲያው ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ጭምት ግን በዚያ ቀን የሚበላውን ትታ ሳጥኖቹ እንዴት እንደተስማሙ ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችላቸው፤ እናቷ "ከዚያስ?" ስትል፣ አባቷ "ዝም በሉ፣ ትናገር!" እያለ ከሁሉ በላይ ሲጮህ፣ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ሽቦ ሦስተኛ ሰሃን እየጨረሰ "ጠባቡን እኔም ወድጄው ነበር" ብሎ ዋሸ። አለቃም ከዚያ በኋላ ጀልባ ያለ ሳጥን ከዳር እንዳይነሳ አዘዘች።

በቀጣዩ ሳምንት ነጎድጓድ የዋና ቁምጣ ገዝቶ መጣ። "የሚቀጥለው ዓመት አብረን ነን" አለ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ሆዱን ደግፋ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ታንሳፍፈዋለች። እጁ ጥሩ ነው፤ እግሩም ክፉ አይደለም። ያስቸገረው ፊቱን ውሃ ውስጥ ከትቶም ማውራቱን አለማቆሙ ነው።